ቢሮው ቤት ሲሆን ምን ይገዛል? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልዲያ ቡድን የዕቃና የአገልግሎት ግምገማ

ሠራተኛው ከቤቱ እንዲሠራ የወሰነ ድርጅት መጀመሪያ የሚያስበው ላፕቶፕና የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ወሎ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብ ያስበላል። እዚህ መጀመሪያ መብራት ነው፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት መስመር፤ ከዚያ ጽሑፍ። ቪዲዮ ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

እዚህ የሚገመገሙት ሰዎቹ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሀይቅና በወልዲያ የተበተኑበት፣ ከ5 እስከ 30 ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሚገዛቸው ዕቃዎችና የሚገለገልባቸው አገልግሎቶች ናቸው። ሥራው የሒሳብ መዝገብ ይሁን፣ ሶፍትዌር፣ ትርጉም ወይም የደንበኛ ስልክ መቀበል፣ መመዘኛው አንድ ነው። ከቤት መሥራት ለአንዳንድ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሰው ደንብ ሲሆን፣ ዕቃው ሸክሙን ይችለዋል ወይ? ዋጋ አልተጻፈም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ስለማይሠራ፣ ዋጋን በምን ማወዳደር እንደሚገባ ማሳየት ይሻላል።

ሚኒ ዩፒኤስ

መዳፍ የሚያክል፣ በግድግዳው ሶኬትና በራውተሩ መካከል የሚገባ ባትሪ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ሳይጠፋ ወደ ባትሪ ይሻገራል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው፣ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ከዋጋው አንፃር ይህን ያህል የሥራ ሰዓት የሚያድን ሌላ ዕቃ የለም። ሆኖም ግማሹ ገዥ የተሳሳተውን ይገዛል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ትክክለኛውን ገዝቶ በተሳሳተ መንገድ ይሰካል።

ችግሩ ከካርቶኑ ይጀምራል። «8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት» የሚለው ቁጥር የተለካው በሴሉ ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ነው። ራውተሩ ግን በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ትክክለኛው ሒሳብ 8.8 ሲባዛ በ3.7 ነው፤ 32.5 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል) ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ ከ10 እስከ 15 በመቶው ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ በእጅ የሚቀረው 28 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። 7 ዋት የሚወስድ ራውተር ብቻውን ከሆነ 4 ሰዓት ይቆያል። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ ሆነው ሁለቱም ከተሰኩበት፣ በድምሩ 14 ዋት ቢሆኑ፣ 2 ሰዓት ብቻ ነው። 8.8ን በ12 አባዝቶ «ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ ነው» ለሚል ሻጭ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቶ ማሳየት ይበቃል። ሁለት ዕቃ ሲወዳደር የሚወዳደረው ብር ለዋት-ሰዓት ነው።

ካርቶኑ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። 8,800 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 2,200 የሆኑ አራት ክብ ሴሎች ማለት ነው። አንዱ ሴል 45 ግራም ያህል ስለሚመዝን አራቱ ብቻ 180 ግራም ይደርሳሉ፤ ፕላስቲኩና ሰሌዳው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ቅመማ ቅመም የሚመዘንበት ትንሽ ሚዛን ላይ ተቀምጦ 150 ግራም ካለ ውስጡ የተጻፈው የለም። ይህን ለማወቅ ዕቃውን መክፈት አያስፈልግም።

ቀጥሎ አዳፕተሩ። ሚኒ ዩፒኤሱ የሚሞላው ከራውተሩ አዳፕተር ነው። ያ አዳፕተር 12 ቮልት 1 አምፒር ከሆነ፣ 12 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ላይ ራውተሩ 7 ወይም 8 ዋቱን ይወስድበታል። ለባትሪው የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ፣ መብራት በቀን ሁለት ጊዜ በሚሄድበት ሰፈር ባትሪው መቼም አይሞላም። ሰውየው «ዕቃው በሁለት ወር ሞተ» ይላል፤ ዕቃው ግን አልሞተም፤ ተርቦ ነው። መፍትሔው የ12 ቮልት 2 አምፒር አዳፕተር አብሮ መግዛት ነው። በቡድን ለሚገዛ ድርጅት ይህ በግዥ ዝርዝሩ ላይ በራሱ መስመር መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ይረሳል።

ጃኩም (ራውተሩ ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ) የራሱ ጣጣ አለው። የውጪው ስፋት 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ የውስጡ ቀዳዳ 2.1 ወይም 2.5 ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይለዩም። 2.5 የሆነው ጃክ 2.1 በሆነው ላይ ሲገባ ይገባል፣ ግን ላላ ነው፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሰውየውም መስመሩን ይረግማል። መውጫዎቹ ደግሞ 5፣ 9 እና 12 ቮልት ተብለው ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው። የ9 ቮልት ራውተር በ12ቱ ላይ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ፣ የማይፈለጉትን መውጫዎች በፕላስተር መሸፈን ብልህነት ነው።

የሱቅ ፈተናው እንዲህ ነው። ራውተሩን ከነአዳፕተሩ ይዞ መሄድ፤ ፒያሳም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ይህን የሚከለክል ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ መፈለግ። ከተሰካ በኋላ የግድግዳውን ሶኬት 10 ጊዜ ነቅሎ መመለስ። የራውተሩ መብራት አንዴ እንኳ ጠፍቶ ከተነሳ መሻገሪያው ደካማ ነው። ቤት ከደረሰ በኋላ 12 ሰዓት ሞልቶ፣ ነቅሎ፣ እስኪጠፋ ሰዓት መያዝ። ከሒሳቡ ግማሽ በታች ከሆነ በዚያው ሳምንት መመለስ። ይህን ለ20 ሠራተኛ አንድ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ፍርድ፦ ይገዛ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን፣ በድርጅቱ ወጪ።

ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ዩፒኤስና ትልቁ ባትሪ

650 ቪኤ (ቮልት-አምፒር) የተባለው የተለመደ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት፣ በተግባር ለ60 ዋት ጭነት ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ። ዴስክቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው ፋይሉን አስቀምጦ በሰላም ለመዝጋት ይረዳል፤ ለሥራ ቀን አይሆንም። ለራውተር ብቻ ከተገዛ ደግሞ ብክነት ነው፤ ለራሱ የሚበላው ኃይል ከራውተሩ ጋር ይወዳደራል፤ አንዳንዱም ጭነቱ ትንሽ ሲሆንበት ራሱን ያጠፋል። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ቦታ ሁለት ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው።

የቡድን መሪ፣ የደንበኛ ስልክ የሚቀበል ወይም ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ቤት የሚገባው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው። 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት፣ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ላፕቶፕ 45 ዋት፣ ራውተር 8፣ አምፖል 7 ብለን 60 ዋት ብንይዝ፣ ከባትሪው 90 በመቶውን ብቻ ተጠቅመን የኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ዕቃ) ኪሳራ ብንቀንስም 16 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። ክብደቱም ተመሳሳይ መጠን ካለው የእርሳስ ባትሪ ግማሽ አይሞላም። ኢንቨርተሩ ንጹህ ሳይን ሞገድ የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ቻርጀሩም ለዚህ ዓይነት ባትሪ የተሠራ፣ በ14.4 እና በ14.6 ቮልት መካከል የሚያቆም። ይህን አጥቶ የመኪና ባትሪ ቻርጀር የተዋሰ ሰው የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥረዋል።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምቱም በልጉም ነጎድጓድ አለው። ስታብላይዘር የሚያስተካክለው የቮልቴጅ መዋዠቅን ነው፤ መብረቅን አይመክትም። መብረቅ ሲጀምር መንቀል ነው፤ ሲነቀል ደግሞ የኃይሉን ገመድ ብቻ ሳይሆን በመዳብ የሚመጣውን የስልክ መስመርም። መብራት ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ መሰካት ከመጀመሪያው ግፊት ያድናል።

መስመር

እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአገሪቱ ሁለት የቴሌኮም ኦፕሬተሮች አሉ። የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለከተማ መልስ የለውም፤ ለቤት ነው መልስ ያለው። ደሴ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች፣ በአንድ ቤት ውስጥ የምሥራቁ መስኮት ሙሉ ሲግናል ይዞ የጓዳው ግድግዳ አንድ መስመር ብቻ ሊይዝ ይችላል። ድርጅቱ ለሠራተኛው መስመር ከመግዛቱ በፊት የሚደረገው ፈተና ይኸው፦ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ለሦስት ቀን፣ ከሚሠራበት ወንበር ላይ፣ 100 ፒንግ (መልስ የሚጠብቅ አጭር የሙከራ መልእክት) መላክ። ስንቱ ጠፋ? ከ100 ሁለት በላይ ከጠፋ ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል፤ የማውረጃው ፍጥነት ምንም ያህል ቢያምር። የመስቀያውን (ከላፕቶፑ ወደ ውጭ የሚላከውን) ፍጥነትም መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያ የሚናገረው ስለ ማውረጃው ነው፤ ስብሰባ ላይ ሰውን ዲዳ የሚያደርገው ግን መስቀያው ነው።

ቤት ድረስ የሚገባ ፋይበር ካለ ዋናው እሱ ይሁን፤ የሌላኛው ኦፕሬተር ሲም መጠባበቂያ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሲጠፋበት፣ ዋይፋይ ላይ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ የሞባይሉ ማማም በራሱ ባትሪ ላይ ነው። ልክ ሁሉም ሰው በፈለገው ሰዓት ፍጥነቱ ይወድቃል።

ግን ሁለት ሲምም የማይረዳበት ቀን አለ፤ ወሎም ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ2014 መጀመሪያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከቤት መሥራትን ደንብ ያደረገ ድርጅት ለዚህ ቀን አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ከሌለው፣ ደንቡ ገና ደንብ አልሆነም። የሚጻፈው ሦስት ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ሠራተኛ ያለ መስመር ሁለት ቀን የሚሠራው ሥራ ላፕቶፑ ላይ ምንጊዜም መኖሩ፤ ማን ለማን በተራ ስልክ እንደሚደውል፣ ከሥራ ጀርባ ያለውን የሰው ደኅንነትም እንደሚጠይቅ፤ መስመር በመጥፋቱ ደመወዝ እንደማይቆረጥ። ሦስተኛው ሳይጻፍ ሲቀር ሠራተኛው ሲግናል ፍለጋ ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይንከራተታል፤ በዚያ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ መገኘት የለበትም።

ቴሌግራም እንደ ቢሮ

ሁሉም ሰው አለው፣ በደካማ መስመር ይሠራል፣ እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል በነፃ ያሳልፋል፣ ትልቅ ቡድንን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ድርጅት ሳያስብበት ቢሮው ቴሌግራም ሆኖ ያገኘዋል። ለዕለት ወሬ የሚተካከለው የለም።

ለውሳኔ ግን አደገኛ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ በሚጻጻፉበት ክፍል አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋ ይችላል፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም፤ ዛሬ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የዓመት በፊቱንም። ሥራ አስኪያጅና ሠራተኛ ስለ ደመወዝ ጭማሪ እዚያ ተስማምተው ከሆነ፣ ስምምነቱ በሁለቱ ቀና ልብ ላይ ብቻ የቆመ ነው። ሁለተኛው ችግር አካውንቱ የግል መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ የሦስት ዓመት የደንበኛ ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ሦስተኛው፣ ተራው ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከተጻጻፊዎቹ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሆነው «ሚስጥራዊ» የተባለው ብቻ ነው። የደንበኛ መታወቂያና የባንክ መረጃ በተራው ክፍል ለሚያሳልፍ ድርጅት፣ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሊያሳስበው ይገባል። አራተኛውን ሁሉም ያስታውሰዋል፦ ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ታግደው ነበር።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ ወሬ በቴሌግራም፣ ውሳኔ በሰነድ። ቡድን ውስጥ የተወሰነ ነገር በዚያው ቀን ወደ ሰነድ ካልተገለበጠ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። የቡድኑ ባለቤትነት በአንድ ሰው የግል ሲም ላይ አይንጠልጠል፤ ሁለት አስተዳዳሪ፣ ሁለቱም ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ይኑራቸው። በወር አንዴ በኮምፒዩተሩ ቴሌግራም በኩል የቡድኑን ታሪክ አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በስም ይመደብ።

ፍርድ፦ ለዕለት ሥራ በጣም ጥሩ፤ ለመዝገብ አይሆንም።

የቪዲዮ ስብሰባ

ዙም በነፃው 40 ደቂቃ ይሰጣል፤ ጉግል ሚት ከሦስት ሰው ጀምሮ 60 ደቂቃ። ለአብዛኛው የቡድን ስብሰባ 40 ደቂቃ ይበቃል፤ እንዲያውም ገደቡ ጠቃሚ ነው። ማየት የሚገባው የዳታ ፍጆታውን ነው። ዙም ራሱ በሚያወጣው መለኪያ የቡድን ቪዲዮ በሁለቱም አቅጣጫ በድምሩ ወደ 1.6 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል፤ በሰዓት 720 ሜጋባይት። ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ እስከ 80 ኪሎቢት፣ ሁለቱን አቅጣጫ ደምረን በሰዓት 72 ሜጋባይት። አሥር እጥፍ ነው ልዩነቱ። በሳምንት 5 ሰዓት የሚሰበሰብ ሠራተኛ በወር 14 ጊጋባይት ወይም 1.4 ጊጋባይት ያወጣል፤ ይህም እንደ ድርጅቱ ልማድ ነው።

ካሜራ ሁልጊዜ ይከፈት የሚል ደንብ እዚህ አገር የዳታ ብቻ ሳይሆን የክብርም ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ቤተሰብ በሚኖርበት ክፍል ነው፤ ከጀርባው እናቱ አሉ፣ ልጅ አለ፣ ቡና እየተፈላ ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ካሜራ ከፍቶ ሰላምታ መለዋወጥ፣ ከዚያ ዘግቶ ሥራ መጀመር፤ ይህ ሚዛኑን ይጠብቃል። ገንዘብ ካለ ከካሜራ ይልቅ የጆሮ ማዳመጫ ከነማይኩ ይገዛ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ የላፕቶፑ ማይክ ዝናቡን እንጂ ሰውየውን አያሰማም፤ አፍ አጠገብ የሚቀመጥ ባለገመድ ማይክ ግን ያሰማል።

ሰነዱ የሚቀመጥበት ቤት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉ ሰዎች ከቤት መሥራትን ሳያውቁት ገልጸውታል። ዋና መሥሪያ ቤት የሌለው ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ከ2,000 ገጽ በላይ የሆነ የአሠራር መጽሐፉን ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። ለ12 ሰው ድርጅት 20 ገጽ ይበቃል፦ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል፣ ደረሰኝ የት ይገባል፣ ደንበኛ ሲቆጣ ማን ይደውላል፣ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል።

ጉግል ዶክስ ለዚህ በቂ ነው፤ 15 ጊጋባይቱም ለጽሑፍ አያልቅም። ሁለት ነገር ግን ቀድሞ ካልተስተካከለ ይከዳል። አንደኛው ያለ መስመር መጠቀሚያው ነው፤ መስመር እያለ በክሮም ላይ ካልተከፈተ፣ መስመር ከሄደ በኋላ መክፈት አይቻልም። አዲስ ሠራተኛ ላፕቶፕ ሲሰጠው በመጀመሪያው ሰዓት ይከፈትለትና ዋይፋዩን አጥፍቶ ይፈተን።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው፤ የውጭ መመሪያ ስለዚህ አያወራም። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ስራ»። አንዱ «ዓመት ፈቃድ»፣ ሌላው «አመት ፍቃድ»። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ ፈላጊው ማሽን ግን ሁለት የተለያየ ቃል ነው የሚያየው። ሠራተኛው «ፍቃድ» ብሎ ፈልጎ ያጣል፣ «አልተጻፈም» ብሎ አለቃውን ይጠይቃል፣ አለቃው በቃል ይመልሳል፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ መሞት ይጀምራል። ለዚህ የሚሠራው መድኃኒት ለእያንዳንዱ ሰነድ ቁጥር መስጠት ነው፤ ፈቃድ 04፣ ክፍያ 07 እንደማለት። ከሰነዱ ግርጌም ቃሉ የሚጻፍባቸውን አማራጮች ሁሉ በአንድ መስመር መደርደር። አንድ ገጽ ማውጫ ያለ መስመር በየስልኩ ይቀመጥ።

ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ

«ነገ በ3 ሰዓት» ደሴ ላይ ጠዋት ነው። ስልኩ ላይ ያለው ካላንደር ግን 3:00 ሲጻፍለት ሌሊት 9 ሰዓት ወይም ከሰዓት 9 ሰዓት ነው የሚረዳው። የቡድኑ ደንብ ሁለቱንም መጻፍ ነው፦ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ 9:00»። ቀንም እንዲሁ፤ «መስከረም 5» ያለ ሰው ሴፕቴምበር 5 ማለቱ ይሁን መስከረም አምስት ማለቱ፣ የ10 ወይም የ11 ቀን ልዩነት አለው።

የአውሮፓ ደንበኛ ያለው ቡድን ሌላ ወጥመድ አለበት። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ይቀይራሉ። በርሊን ላይ ሁልጊዜ 10:30 የሚደረግ ስብሰባ በእነሱ በጋ ለእኛ 5 ሰዓት ተኩል ነው፤ በእነሱ ክረምት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዓርብ ከሆነ ልክ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ላይ ገባ። ግማሹ ቡድን ሙስሊም በሆነበት ወሎ ይህን ኦክቶበር ላይ ማወቅ ዘግይቷል፤ ስብሰባውን መጀመሪያውኑ ማክሰኞ ማድረግ ነው። የረመዳን ማፍጠሪያ፣ የዐቢይ ጾም ቅዳሴ፣ የገና፣ የመውሊድና የዒድ ቀኖች በአንድ የጋራ ካላንደር ላይ ዓመቱ ሲጀምር ይግቡ።

የጋራ ክፍል መከራየት

ከሁሉም ግዥ በጥንቃቄ የሚታየው ይህ ነው። ቤቱ ጠባብ ለሆነበት፣ ሕፃን ላለበት፣ መስመር ለማይደርሰው ሠራተኛ ደሴ ላይ አንድ ክፍል መከራየት ፍትሐዊ ነው። ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚያም ሰው ይመጣል። ግን ሥራ አስኪያጁ እዚያ መዋል የጀመረ ቀን ክፍሉ እውነተኛው ቢሮ ይሆናል፤ ወልዲያ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ የሩቅ ዘመድ። ውሳኔው አቦል ላይ ይነሳል፣ ቶና ላይ ይበስላል፣ በረካ ላይ ያልቃል፤ እሷ የምትሰማው ማታ ነው፣ ያውም ተቆርጦ።

ይህ ግምት አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት የስልክ ሠራተኞች ላይ ለ9 ወር ያደረጉት ጥናት አለ። በሳምንት አራት ቀን ከቤት የሠሩት በሥራ ውጤት ቢሮ ከነበሩት በ13 በመቶ በለጡ። ከውጤታቸው አንፃር ሲታይ ግን የዕድገት ዕድላቸው ቀነሰ፤ ዓይን ላይ አልነበሩማ። ጥናቱ ሲያልቅ ምርጫ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ፤ ብቸኝነት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ለጥናቱ ብቁ የሆነውም የራሱ ክፍልና ብሮድባንድ ያለው ሠራተኛ እንደነበር መርሳት አይገባም።

ስለዚህ ክፍሉ ይከራይ፣ ከነደንቡ። ሥራ አስኪያጁ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አይዋልበት። ከስብሰባው አንድ ሰው እንኳ ሩቅ ከሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት አራቱም በየራሳቸው ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ይግቡ፤ አንድ ስልክ መሃል አስቀምጦ መሰብሰብ ለሩቁ ሰው ጫጫታ ብቻ ነው። ቡና ላይ የተነሳ የሥራ ሐሳብ ካለ፣ ቡናው ሳይነሳ አንዱ በሦስት መስመር ይጻፈው። ዕድገት ሲሰጥ የሚታየው የተጻፈው የሥራ ውጤት ይሁን፤ በዓመት አንዴም ያደጉት ሰዎች የት ከተማ እንዳሉ ይቆጠር።

ውሉ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አይቀየርም። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል። ማታ 3 ሰዓት ላይ «ይህን አንዴ ብቻ እይልኝ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ይከፈልበታል፤ የማይከፈልበት ከሆነ እስከ ጠዋት ይቆይ። ላኪው መልእክቱን ለጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቀጥሮ መላክ ስለሚችል ምክንያት የለውም።

በውሉ ላይ በስም መግባት ያለባቸው፦ ሚኒ ዩፒኤሱ የድርጅቱ ንብረት መሆኑና ሲበላሽ ማን እንደሚተካው፤ ወርኃዊ የመስመርና የመብራት አበል በብር፤ ሠራተኛው ምላሽ መስጠት ያለበት የጋራ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ብቻ፤ ቀሪውን ሰዓት እንደሚመቸው እንደሚያደርግ። ለቅሶና እድር በወሎ ኑሮ ውስጥ የማይቀሩ ናቸው፤ «ደብዛው ጠፋ» የሚባለውን ለማስቀረት አንድ መስመር መልእክት በቂ እንደሆነ ይጻፍ።

በአካል መገናኘት

ለክፍል ኪራይ ከሚወጣው ላይ ቆርጦ በዓመት ሁለት ጊዜ ሁሉንም በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ይሻላል። ሀይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልዲያ ለሚመጣውም በመንገዱ ላይ ነው፤ ከኮምቦልቻ በጠዋት ተነስቶ መድረስ ይቻላል። ቀኑ በበልግና በክረምት ዝናብ መካከል፣ ወይም ከመስቀል በኋላ ይመረጥ፤ ትራንስፖርቱን ድርጅቱ ይክፈል፤ አዲስ የተቀጠረ ሰው ከተቀጠረ በሦስት ወር ውስጥ አንዱ ላይ ይድረስ። ላፕቶፕ አያስፈልግም። ከሰዓት በፊት በመጽሐፉ ውስጥ ያረጁትን ገጾች በወረቀት አትሞ ተራ በተራ ማንበብና በእስክርቢቶ ማረም፤ ከሰዓት በኋላ ዓሣውና ሐይቁ።